አሥራ አራተኛው ደጅ

ታማር ቢርኬት ካልሲ እየሠራች ከመጣች ሰው አልሞተም ማለት ነው። በሃርንዴል ሸለቆ ይህን የማያውቅ ሕፃን አልነበረም። አሮጊቷ ዳገት ስትወጣም፣ የድንጋይ አጥር ስትሻገርም፣ ከሰው ጋር ስትነታረክም እጇ አያርፍም፤ መርፌዎቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ የክሩ ድውር ከወገቧ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። አንዳንድ ቀን ግን መርፌም ክርም የለም፤ በቀኝ እጇ አንድ ትልቅ የብረት ቁልፍ ብቻ ይዛ ትመጣለች። ያን ጊዜ ሴቶቹ በመስኮት ያዩዋትና ድስቱን ከእሳት ያወርዳሉ፣ ልጆች አልጋ ሥር ይገባሉ። ውሻ እንኳ አይጮኽባትም ነበር።

ሥራዋ ቀብር መጥራት ነው። እናቷም አያቷም ይህንኑ ሲሠሩ ኖረው ነው የሞቱት። ሰው ሲሞት ታማር ከሟቹ ቤት ቁልፉን ትቀበልና የሸለቆውን አሥራ አራት ቤቶች አንድ በአንድ ትዞራለች። በጣቷ አታንኳኳም፤ በሟቹ ቁልፍ ነው የምታንኳኳው፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ «እገሌ በዚህ ቀን ከቤቱ ይወጣል። ተጠርታችኋል፤ ከየቤቱ ሁለት ሰው» ትላለች። ሌላ አንድ ቃል አትጨምርም። ጥሪውን ተቀምጦ የሚሰማ የለም። ሁሉም ወንበሩን ገፍቶ ይነሣል፤ መነሣት ያቃተውን ደግፈው ያነሡታል። «ሰምተናል» ይላሉ፣ እሷም ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች።

እኔ አምብሮዝ ፔል እባላለሁ። ከከተማ መጥቼ በዚህ ሸለቆ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ። በሸለቆው በሩን የሚቆልፍ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌላው ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ይኖራል፣ ለሞት ካልሆነ አያወርደውም። የእኔ ሁልጊዜ ከኪሴ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ዕብደቴ ደግሞ ቃል መሰብሰብ ነው። ከተሜው የረሳቸው አሮጌ ቃላት በእነዚህ ተራሮች ሰዎች አፍ ውስጥ እስከ ዛሬ ይኖራሉ። ልጆቹ ሲጫወቱ፣ ሽማግሌዎች በግ ሲቆጥሩ፣ እኔ ደብተሬን ይዤ ከኋላቸው ነኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እኔ ነገሩን ትቼ ሥሩን ብቻ የምቆፍር ሰው ነበርኩ። ሚስቴ ዶርካስ የሸለቆው ልጅ ናት፤ በደብተሬ መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ቃል የእሷ ነው። «ድሪ» ይላሉ እዚህ፣ ረጅምና አሰልቺ መንገድ ሲገጥማቸው። ሥሩ መታገሥ፣ ሳያጉረመርሙ መሸከም ማለት ነው ብዬ ባስረዳት ጊዜ እንዲህ አለችኝ፦ «አምብሮዝ፣ አንተ እኮ ሰው ሲያለቅስ እንኳ በየትኛው ቃል እንዳለቀሰ ነው የምትጽፈው።» ሳቅሁ። አሁን አያስቀኝም።

ከሁሉም በላይ ቃል የቀዳሁት ከታማር ነው። ማንበብ አታውቅም፤ ግን የቀብር ቃላት ሁሉ ያሉት እሷ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተቀምጣ ስትሠራ አገኘኋት።

«እማማ ታማር፣ ሬሳውን ‹ላይክ› የምትሉት ነገር ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?»

«ከእናቴ።»

«አይደለም፣ ከዚያ በፊት ማለቴ ነው።»

«ከእናቴ እናት። ምነው መምህር፣ ዛሬ ልጆቹ አልመጡልህም እንዴ የምትመረምረው ያጣኸው?»

ነገርኳት። ከሺህ ዓመት በፊት ላይክ ማለት አካል ማለት ነበር፣ የሕያውም የሙትም። በኋላ ሕያዋን ሌላ ቃል ያዙና ይህን ተዉት፤ ሙታን ብቻ ይዘውት ቀሩ።

«እና ድሮ ቢሆን እኔም ላይክ ነበርኩ በለኛ?»

«ነበሩ።»

«እሺ፣ ብዙም አልቀረኝም፤ ትንሽ ልታገሥ» ብላ ሳቀችና አዲስ ዙር ጀመረች።

ሌላ ጊዜ ስለ አርቫል ጠየቅኋት። ከቀብር መልስ ለየቤቱ የሚታደለው ድቡልቡል ዳቦ አርቫል ይባላል። እዚያው አይቆረስም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይዞ ሄዶ ከቤተሰቡ ጋር ይበላዋል። በጥንት ዘመን በባሕር የመጡት ሰዎች ቃል ነው፣ የውርስ ጠላ ማለት ነው፣ ወራሹ በሟቹ ወንበር የሚቀመጠው ያን ጠላ ጠጥቶ ነበር ብዬ አስረዳኋት።

«ጠላ? እኛ የምናድለው እኮ ዳቦ ነው!»

«ጠላው በጊዜ ብዛት ቀረ፤ ስሙ ወደ ዳቦው ተላለፈ።»

«ወንዶቹ ጠጥተው ጨርሰውታላ! እንደ ልማዳቸው!»

እንዲህ ነበረች። ሞትን እንደ ጎረቤት ነው የምታውቀው፤ አትወደውም፣ ግን ሰላም ትለዋለች። ሰባት ልጆች ወልዳ ስድስቱን ራሷ ጠርታ ቀብራለች። ለስድስቱም የራሷን ቤት ቁልፍ ይዛ አሥራ ሦስት ደጅ ዞራ፣ መጨረሻ ላይ የራሷን በር አንኳኩታ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ጥሪውን ተናግራ፣ ራሷ «ሰምተናል» ብላለች። ይህን የነገረችኝ ዶርካስ ናት። ታማር ስለዚህ አንድም ቀን አላነሣችልኝም።

አንዱ ቃል ግን ፊቷን ቀየረው። ከሸለቆው ጫፍ፣ ከመጨረሻው አጥር በላይ፣ ኮልድሃው የሚባል ቤት አለ። ጣራው ወድቋል፣ ግድግዳውና በሩ ብቻ ቆመዋል። ሰዎቹ «አንኪድ ነው» ይሉታል፤ ጭር ያለ፣ ሰው ብቻውን ሲሆን አንገቱን የሚቀዘቅዘው ቦታ ሲያጋጥም የሚሉት ቃል ነው። ሥሩን አገኘሁትና ደስ ብሎኝ ወደ ታማር ሮጥኩ።

«ያልተነገረለት ማለት ነው፣ እማማ! ያልታወጀ፣ ማንም ያላሳወቀው!»

መርፌዎቹ ቆሙ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ ቁልፍ ካልያዘች በቀር፣ እጇ ሲያርፍ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ይህን ማን ነገረህ?»

«መጽሐፍ።»

«የኮልድሃውን ሰዎች መጽሐፉ በምን አወቃቸው?»

ከዚያ ነገረችኝ። በአያቷ ዘመን አንድ ክረምት በረዶው መንገዱን ሁሉ ዘጋው። ኮልድሃው ውስጥ አባት፣ እናትና ሁለት ሴት ልጆች በትኩሳት አለቁ። ጭስ እንደማይወጣ ያየ ሰው አልነበረም። በጸደይ ተገኙ፤ ሰው ፈርቶ ነበርና ያለ ጥሪ፣ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ዳቦ በችኮላ ተቀበሩ። አራት ሰው ሞቶ አንድም በር አልተንኳኳም። አያቷ ይህን አልቻለችም። ከዚያ ወዲያ በሸለቆው ሰው በሞተ ቁጥር፣ አሥራ ሦስቱን ቤት ከጨረሰች በኋላ ዳገቱን ወጥታ ያን በር አንኳኳች።

«ለእነሱ ማንም አልጠራም። ስለዚህ ማንም ሲሞት እነሱ ይጠራሉ። ዳቧቸውም መስኮቱ ላይ ይቀመጣል።»

«ዳቦውን ቁራ ነው የሚበላው፣ እማማ።»

«ይብላ። ከዚያ ቤት ገብቶ የሚበላ ቁራ የዚያ ቤት ሰው ነው» አለችና መርፌዋን አነሣች።

ዶርካስ የሞተችው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ማክሰኞ ማታ ደረቷን አመማት፣ ዓርብ ጠዋት አለፈች። አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ልጅ የለንም። ከዓርብ እስከ እሑድ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፤ ጎረቤቶች ሬሳዋን አጥበው ሲያበቁ እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ የእሷን ሻይ ብርጭቆ ይዤ ነበር ይላሉ።

ሰኞ ጠዋት ታማር ባዶ እጇን መጣች። ቁልፍ ልትቀበል ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ። ሐሙስ ነው ቀብሩ፤ ዛሬ አሥራ አራቱን እዞራለሁ።»

«አሥራ ሦስት» አልኩ።

«አሥራ አራት ነው፣ መምህር።»

«የሚስቴን ስም ለፍርስራሽ አይጠሩም! ለቁራና ለድንጋይ ‹ዶርካስ ትወጣለች› ብለው አይጮኹም። ሰው ያለበት ቤት አሥራ ሦስት ነው።»

«የሟቿን ፈቃድ አስብ። የዚሁ ሸለቆ ልጅ ናት። እሷ ብትሆን ኖሮ…»

«እሷ የለችም!»

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔ የራሴን ነው ያጠብኩት። ሐዘኔን ይዤ እንደ ማልቀስ ዕውቀቴን መዘዝኩ። የሚጠሩትን ቤቶች በአንድነት «ሌይቲንግ» እንደሚሏቸው፣ ቃሉም መፈለግ፣ ሄዶ ማግኘት ማለት እንደሆነ እንደ ክፍል ተማሪ አስተማርኋት። በዚያች ሴት ፊት ቆሜ፣ ስድስት ልጆቿን በጠራች ሴት ፊት!

«መፈለግ ነው፣ ይገባዎታል? የሚፈለግ ሰው ያለ ሰው ነው። የሌለን ሰው ማን ይፈልጋል?»

ታማር እስከዚያ ቀን ከእጄ ያልለየሁትን የዶርካስን ብርጭቆ አየች።

«አንተ አሁን ማንን እየፈለግህ ነው?» አለች።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላት። ጠሪ የሐዘንተኛን ቃል አይሽርም፤ ይህም ደንብ ነው። ቁልፉን ተቀበለች፣ አሥራ ሦስት ደጅ ዞረች፣ ሲመሽ መለሰችልኝ። አሥራ ሦስት ዳቦ ተጋገረ። ሐሙስ ሚስቴን ቀበርኩ።

«ቁልፉን እንዳትጥለው» አለችኝ ታማር ከመቃብሩ ስንመለስ።

በዘጠነኛው ቀን በግ አርቢው ጆናስ ታይሰን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከዶርካስ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው።

«አንተ መምህር፣ ሚስትህ ምነው ዛሬ አኮረፈችኝ? ‹ደህና ዋልሽ› ብላት ዝም ብላኝ አለፈች። ወደ ላይኛው አጥር…»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ።

«ይቅር በለኝ» አለ። «ረሳሁት። ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ… አየኋት እኮ። ቡናማ ሻሏን ለብሳለች። ውሻዬም ጅራቱን ቆላላት።»

«ሌላ ሰው ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ሌላ ሰው ነው» አለ ቶሎ። ግን ሁለታችንም የሸለቆውን ሴቶች ሁሉ እናውቃቸዋለን።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ተማሪዎቹ ምሳቸውን ሲበሉ፣ በመስኮት እኔም አየኋት። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ዶርካስ ወደ ኮልድሃው በሚወስደው ጠባብ መንገድ ዳገቱን ትወጣለች። ስትደክም እንደምታደርገው ቀኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። አትቸኩልም፣ አትዞርም። ሻሉ ራሴ የገዛሁላት ነው። ተቀብሮ ነበር፣ ከእሷ ጋር።

ሮጥኩ። የላይኛው አጥር ላይ ስደርስ ማንም የለም፤ በጎች ብቻ ሁሉም ወደ ኮልድሃው ዞረው ቆመዋል። ከአጥሩ ማለፍ አልቻልኩም።

በዚያው ሰዓት ወደ ታማር ሄድኩ። እንዳየችኝ ሳልናገር ወንበር ሳበችልኝ።

«አየሃት።»

«ምን ፈልጋ ነው? ይንገሩኝ!»

«ያልተጠራ ደጅ ከቀረ ሟቹ ራሱ ሄዶ ይጠራዋል። እናቴ እንዲህ ትል ነበር። በእኔ ዘመን ግን ደጅ ቀርቶ አያውቅም፣ ስለዚህ አይቼው አላውቅም።»

«እና ጠርታ ለምን አትመለስም?»

«በምን ታንኳኳ?» አለች ታማር። ድምፅዋ ከቁጣ ይልቅ ድካም ነበረበት። «ቁልፉ ያለው ከኪስህ አይደል? ከደጁ ትደርሳለች፣ ትቆማለች፣ ማንኳኳት አትችልም፣ ትመለሳለች። ነገም እንዲሁ። አላረፈችም፣ ልጄ። ቁልፉን ስጠኝና ልሂድላት፣ ወይም አንተ ሂድ። ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታርፋለች። አታያትም።»

አታያትም። ይህን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በማግሥቱ ሄጄ የሚገባኝን ላድርግ ብዬ ተነሣሁ፤ እኩለ ቀን ሲደርስ ግን በመስኮቱ ቆምኩ። መጣች። አንገቷን አየሁ፣ ከጆሮዋ ጀርባ ሁልጊዜ የምታመልጠውን ፀጉር አየሁ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ።

እንደዚህ አርባ ቀን ሆነ። ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። የምሳውን ሰዓት አስረዘምኩ፤ ልጆቹ ደስ አላቸው። ዝናብ ሲዘንብ ትመጣለች፣ ጭጋግ ሲሆን ትመጣለች፣ ሻሉ አይረጥብም። ሸለቆው ሁሉ ያውቅ ነበር። በእኩለ ቀን በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ቀረ። በዳቦ ቤቱ ደጅ ሴቶቹ ሲያዩኝ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። እኔ ግን ደስተኛ ነበርኩ፣ ልዋሽ አልችልም። በሕይወት ሳለች አይቼ ያልጠገብኩትን ፊቷን ሳይሆን ጀርባዋን ነበር የማየው፤ እሱም በቃኝ።

ከሠላሳኛው ቀን በኋላ እየደከመች መጣች። ዳገቱ መሃል ላይ ትቆም ጀመር። አንድ ቀን ድንጋይ ተደግፋ ቆየች። ይህን አይቼም አልሄድኩም። ክፉ ሰው ነኝ ብዬ አላስብም ነበር፤ ያን ቀን ግን ነበርኩ።

ታማር ሁለት ጊዜ መጥታ ቁልፉን ጠየቀችኝ። መጀመሪያ «ነገ» አልኳት። በሁለተኛው «ጠፋብኝ» አልኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ጨብጦ ነበር።

«ጠፋ?» አለች። ኪሴን አየች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንተን ሞኝ አልልህም፣ መምህር፣ የተማርክ ሰው ነህ። ግን እሷ ምን አደረገችህ? በሕይወቷ ምን በደለችህና ነው በየቀኑ ዳገት የምታስወጣት?»

ተነሥታ ሄደች። በማግሥቱ፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ዳሌዋ የማይታዘዛት ሴት፣ የሹራብ መርፌዋን ከቤት ትታ፣ የራሷን ቤት ቁልፍ ይዛ ወደ ኮልድሃው ወጣች። ጆናስ ሲመሻሽ ከላይኛው አጥር ሥር በዝናብ ርሳ ተቀምጣ አገኛት። ተሸክሞ አወረዳት።

ልጠይቃት ስሄድ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ነበረች። እጆቿ ብርድ ልብሱ ላይ ባዶ ተዘርግተዋል። ደረቷ ያፏጫል። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ደረስኩ እኮ» አለችኝ። «በሩ ድረስ ደረስኩ። በራሴ ቁልፍ አንኳኳሁ። ማን ይሰማል? የእኔ ቁልፍ የእሷን ሞት አይናገርም። እሷ ግን አጠገቤ ቆማ ነበር፣ መምህር። እጄን፣ ቁልፉን፣ ታየው ነበር። የእሷ መስሏት…»

መጨረስ አልቻለችም፤ ሳል ያዛት። እኔም ከወንበሩ ተንሸራትቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ጸጥ እስክል ጠበቀችኝ።

«ዳቦው ከምድጃው አጠገብ ነው። ትናንት ጋግሬዋለሁ» አለች። «ቃሉን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«በደብተርህ ሳይሆን በአፍህ?»

ደገምኩላት። አንድ ቦታ አርማኝ፣ እንደገና አስደገመችኝ።

በማግሥቱ ከእኩለ ቀን በፊት ወጣሁ። በአንድ እጄ ቁልፍ፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ። ዝናቡ አባርቷል። የላይኛውን አጥር ስሻገር በጎቹ መንገድ ለቀቁልኝ። የኮልድሃው ግቢ በሙሉ እስከ ጉልበት በሚደርስ ሣር ተውጧል፤ ከታማር አያት ዘመን ጀምሮ ማንም አላጨደውም፣ ከታማር በቀር ማንም አይረግጠውም። ከደጁ ፊት ግን ሣሩ ተኝቷል። አንድ ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ያህል ቦታ፣ ሁለት ትናንሽ የእግር ቅርጾች፣ ተረግጠው ተረግጠው አፈሩ ድረስ ወርደዋል። ቀኝ እግር ከግራው ጠለቅ ይላል። ዶርካስ ስትጠብቅ ቀኝ እግሯ ላይ ነበር የምትደገፈው፤ አውቶቡስ ስትጠብቅም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትቆምም፣ እኔን ስትጠብቅም።

አርባ ቀን። እኔ በመስኮት አንገቷን እያየሁ ደስ ሲለኝ እሷ እዚህ ቆማ ነበር።

በእነዚያ ቅርጾች ላይ መቆም አልደፈርኩም። ከጎን ቆሜ እጄን ዘርግቼ በቁልፉ አንኳኳሁ። ሦስት ጊዜ። እንጨቱ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ።

«ዶርካስ ፔል…» አልኩ። እንደገና ጀመርኩ። «ዶርካስ ፔል ከቤቷ ትወጣለች። ተጠርታችኋል፤ ከየቤቱ ሁለት ሰው።»

እነዚህ ሰዎች ለመጥራት የሚሉት ቃል ከሁለት አሮጌ ቃላት የተቀላቀለ ነው፤ አንዱ ማወጅ፣ አንዱ መለመን። ይህን ከዓመታት በፊት በደብተሬ ጽፌው ነበር። ያን ቀን ከሁለቱ የትኛውን እንዳደረግሁ አውቃለሁ። ለመንኩ።

ነፋስ አልነበረም። ከበሩ በስተጀርባ፣ ጣራ በሌለው፣ ሣርና ድንጋይ ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። የእንጨት እግር የድንጋይ ወለል ላይ ሲንሸራተት የሚሰማውን ያን ድምፅ። አንድ። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሁለት ቀለል ያሉ፣ ተከታትለው፣ ልጆች ሲነሡ እንደሚነሡት።

አልሮጥኩም። ዳቦውን መስኮቱ ላይ አኖርኩ፣ ኮፍያዬን አወለቅሁ፣ እነሱ ከመቀመጣቸው በፊት ቀስ ብዬ ሄድኩ። ከአጥሩ ላይ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ደጁ ላይ ማንም አልነበረም። አንድ ጊዜ ዞር ብላ ብታየኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር። አላየችኝም።

በማግሥቱ እኩለ ቀን መስኮቱ ላይ ቆምኩ። መንገዱ ባዶ ነው። የምሳውን ደወል በሰዓቱ መታሁ፤ ልጆቹ አጉረመረሙ።

ታማር በታኅሣሥ መጀመሪያ ሞተች። የቀረችው አንዲት ልጇ ሩቅ አገር ናት፣ ለመድረስ አልቻለችም። ሸለቆው ተሰብስቦ ማን ይጥራ ሲባል ጆናስ ወደ እኔ ጠቆመ። «ቃሉን የሚያውቀው እሱ ነው» አለ። ማንም አልተቃወመም። ከበሯ ላይ ካለው ሚስማር የቤቷን ቁልፍ አወረድኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ ከባድም ነበር። ደብተሬን እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ትቼ ወጣሁ። አሥራ ሁለቱን ቤት ዞርኩ። ሴቶቹ በመስኮት እጄን አይተው ድስታቸውን ከእሳት አወረዱ። አሥራ ሦስተኛው የራሷ ቤት ነበር፤ አንኳኳሁ፣ ለባዶው ክፍል ተናገርኩ፣ «ሰምተናል» ብዬ ራሴ መለስኩላት፣ እሷ ለስድስቱ ልጆቿ እንዳደረገችው።

ከዚያ ዳገቱን ወጣሁ። እስካሁን ለማንም ያልተናገርኩት ይህን ነው፤ እየወጣሁ ስለ ታማር አላሰብኩም። ከደጁ ፊት ያለውን ቦታ ነበር የማስበው። ሣሩ ተረግጦ ላገኘው ፈልጌ ነበር። ሁለቱን ቅርጾች፣ ቀኙ ጠለቅ ያለውን፣ እዚያው ላገኛቸው።

ሣሩ በቅሏል። ክረምቱ ሊገባ ሲል እንኳ በቅሎ፣ ለምልሞ፣ እስከ ደጁ ጥግ ድረስ አንድ ሆኗል። የት እንደቆመች መለየት አልቻልኩም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፊቴን ጠርጌ በታማር ቁልፍ አንኳኳሁ።